ያልተበላው ዚንክ

ሰኞ ጠዋት መርከቧ «ቩላ ራራማ» ከባሕር ስትወጣ ኢሊኬና እንደ ልማዱ ጫማውን አውልቆ ጠበቃት። በሱቫ ወደብ ጥግ ባለው የመርከብ መጠገኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም መርከብ በጫማ ተቀብሎ አያውቅም። የብረት ገመዱ ሲወጠር፣ ጋሪው በሐዲዱ ላይ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ውሃው ከጎኗ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ፣ ሁለት ዓመት ባሕር ውስጥ ተደብቆ የኖረው ሰፊ ሆድ ለፀሐይ ሲጋለጥ ቅዱስ ነገር የሚያይ ይመስለዋል። የመርከብን ፊት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሆዷን የሚያውቀው እሱ ነው።

ዛሬ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ሚስቱ ሴሩዋያ ለእናቷ ለቅሶ ወደ ናቱቫ ደሴት ከሄደች ሁለተኛ ወሯ ነው። ስኳር አለባት፤ እዚያ በባዶ እግሯ ስትሄድ የኮራል ስባሪ የግራ እግሯን ጣት ወጋት። ትናንት የደሴቲቱ ነርስ በስልክ የነገረችው ቃል ከጆሮው አልወጣም።

«በመጪው ሳምንት መጨረሻ ሱቫ ከደረሰች ጣቶቿ ብቻ ይሄዳሉ። ከዘገየች እስከ ጉልበቷ ነው። ከዚያ በላይ ከዘገየች ግን፣ ጋሼ ኢሊኬና፣ እኔን አይጠይቁኝ።»

ናቱቫ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ የላትም። በዚህ የንፋስ ወር ትንንሽ ጀልባዎች ያንን ባሕር አይደፍሩትም። ወደዚያ የምትሄደው መርከብ ይቺው የደሴቲቱ ሰዎች በጋራ ያቆሟት «ቩላ ራራማ» ብቻ ናት። ተጠርጋ፣ ተቀብታ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባለው ትልቁ የባሕር ሙላት መውረድ አለባት። ያ ሙላት ካመለጣት ቀጣዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ውሃው ሐዲዱ ድረስ አይመጣላትም።

«ታቫሌ!» አለ ካፒቴኑ ሳኬዮ ከላይ ከመርከቧ ጠርዝ ላይ አንገቱን አውጥቶ። የአክስቱ ልጅ ነው፤ በእነሱ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች ታቫሌ ይባባላሉ፣ ሳይሰዳደቡም ሰላም አይባባሉም። «አለህ እንዴ? ቀለም ጠጥቶ ሞተ ሲሉኝ ለለቅሶህ ያንጎና ገዝቼ ነበር!»

«ገዝተህ ከሆነ ብቻህን ጠጥተኸዋል፤ ፊትህ ያስታውቃል።»

«ቅዳሜ ካላወረድካት አንተኑ ነው ወቅጬ የምጠጣው። ሴሩዋያን ይዤልህ እመጣለሁ፣ አትፍራ። እዚያ ተሽላ አግብታ ካላገኘኋት!»

ኢሊኬና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑ ዚንኮቹ ላይ አረፈ።

ዚንክ ለብረት ቤዛ ነው። ባሕር የሚበላው ይሻል፤ ስለዚህ ከመርከብ ሆድ ላይ ዳቦ የሚያካክሉ ዚንኮች ይታሰራሉ፣ ባሕሩ እነሱን ይበላና ብረቱን ይተዋል። በሁለት ዓመታቸው ታጥቦ እንዳለቀ ሳሙና ሳስተው ይመለሳሉ። ኢሊኬና ይህን ነገር ሥራ በጀመረበት ዓመት ሲሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። አንድ ግዑዝ ነገር ስለ ሌላው ሊሞት ይችላል ማለት ነው፣ እያለ ሲያስብ።

የ«ቩላ ራራማ» ዚንኮች ግን ሙሉ ነበሩ። አሥራ ሁለቱም። ከአረንጓዴው ዝቃጭ ሥር ቀይ ቀለማቸው ሳይላጥ፣ ጠርዛቸው ሳይሸረፍ፣ ልክ እሱ በቀባቸው ዕለት እንደነበሩ።

እሱ ነው የቀባቸው።

ዚንክ አይቀባም፤ ቀለም የሸፈነውን ባሕር አይበላውም። ማንም ጀማሪ ያውቀዋል፤ ቀለም ሲረጭ በጋዜጣ ይሸፈናል፣ በመጨረሻ ጋዜጣው ይነሳል። ኢሊኬናም ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጋዜጣውን አንስቶ ነበር። ከዚያ የናቱቫ ሽማግሌ አለቃ መርከቧን ሊመርቁ መጡ፤ የአበባ ጉንጉን የያዙ ሴቶችና የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ከኋላቸው ተሰልፈው። አለቃው በከዘራቸው ወደ መርከቧ ሆድ አመለከቱ።

«እነዚያ ግራጫ እከኮች ምንድን ናቸው?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ኢሊኬና ዞሩ።

«ኢሊኬና፣ ለልጆቼ እከካም መርከብ ልትሰጣቸው ነው?»

ኢሊኬና ተንበረከከ። ሁለት መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፣ ለአለቃ እንደሚደረገው። ከአለቃ ፊት ቃል አይመለስም፤ «አይ፣ ጌታዬ፣ ይህ እንዲህ ነው» ብሎ ማስረዳት እሳቸውን በሕዝብ ፊት አላዋቂ ማለት ነው። ከአባቱም ከአያቱም እንዲህ ያለ ድፍረት አልወረሰም። ሮለሩን አነሳና አሥራ ሁለቱንም ቀይ አደረጋቸው። ሲሄዱ እፍቃቸዋለሁ አለ በልቡ። እሳቸው ግን ሳይሄዱ ሙላቱ መጣ፣ መዘምራኑ አዜሙ፣ መርከቧ ወረደች። ከዚያ ጠላቂ ልኬ አስፍቃቸዋለሁ አለ። ከዚያ በሚቀጥለው ወር አለ። ከዚያ አለቃው ሞቱ፣ ነገሩም አብሮ የተቀበረ መሰለው።

ባሕር ግን የሚበላው ሲያጣ ጾሙን አያድርም።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ሆኖ ዚንኮቹን ፈታቸው። ከባድ ነበሩ፤ ያን ያህል ከባድ አሮጌ ዚንክ በእጁ ይዞ አያውቅም። በአሮጌ የኮኮናት ጆንያ ጠቅልሎ ከቀለም በርሜሎቹ ጀርባ ሸጎጣቸው። የመጠገኛው አለቃ ዳያ ራም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ከሕንድ የመጡ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞች የልጅ ልጅ ነው፤ ከኢሊኬና ጋር በአንድ ዓመት ተቀጥረው በአንድ ሳህን ሲበሉ ኖረዋል።

«አሮጌዎቹ ዚንኮችስ?»

«ተበልተዋል» አለ ኢሊኬና።

«ጥሩ። በደንብ ሠርተዋላ!»

ማክሰኞ በመዶሻው ጀመረ። የመርከብ ቀለም ቀቢ ሥራው በብሩሽ ይመስለዋል ሰው፤ ግን ዘጠኝ እጁ መፋቅ ነው። ከሆዷ የተጣበቀውን ስለታም የባሕር ቅርፊት በአካፋ መላጥ፣ የተነፋውን ዝገት በመዶሻ መቀጥቀጥ፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አሸዋ እየረጩ እስከ ነጩ ብረት መውረድ። ኢሊኬና በዚህ መዶሻ ቀኝ ጆሮውን አጥቷል። በግራው ግን ብረት ይሰማል። ጤነኛ ላሜራ ሲመቱት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይመልሳል፤ የሳሳ ላሜራ እንደ ታመመ ሰው ይቃትታል።

ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ መጣ። ቃን። ቃን። ቃን። መርከቧ ዘመረችለት፤ ለአፍታ ተስፋ አደረገ። ከዚያ በግራ በኩል ከኋላ፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ፣ የሞተሩ ክፍል ባለበት ሥር፣ ድምፁ ተለወጠ።

ዱፍ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። በጣቱ ዳሰሰው፤ ፈንጣጣ እንደ በላው ፊት ተቦርቡሯል። የመሮውን ጫፍ በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲጭነው ብረቱ ወደ ውስጥ ሲሸሽ ተሰማው። ስምንት ሚሊሜትር የነበረ ላሜራ የሣርዲን ቆርቆሮ ሆኗል። ስፋቱ ሰፌድ አያክልም፤ ግን ባሕር ለመግባት ሰፊ በር አይፈልግም።

እዚያው አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ይህን ለዳያ ራም ከነገረው ላሜራው ይቆረጣል፣ ከውስጥ ሞተሩ ይነሳል፣ አዲስ ላሜራ ታዝዞ ይመጣል፣ ይበየዳል፣ ይመረመራል። አሥር ቀን። ቅዳሜ ትሄዳለች። ሙላቱ ይሄዳል። የሴሩዋያ እግር ይሄዳል።

በየማታው ከሥራ ሲገባ ሴሩዋያ የኮኮናት ዘይት በመዳፏ ይዛ ትጠብቀው ነበር። ከክንዱ፣ ከአንገቱ፣ ከሽፋሽፍቱ ሳይቀር ቀለሙን በዘይት እያሟሟች ታነሳለች። «ዛሬ ሰማያዊ ነህ፤ ያቺ የዓሣ መርከብ ናት» ትላለች። ሠላሳ አንድ ዓመት። ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላነሳለትም፤ በክርኑ ላይ የአምስት መርከብ ቀለም ተደራርቦ ነበር።

ተነሳና የስቱኮውን ቆርቆሮ ከፈተ።

እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያውቅም። እንዲህ አሳምሮ። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሞላቸው፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ እንደገና ሞላ። ዙሪያውን እስከ ነጩ ብረት አጸዳ። ንጹሕ ብረት ምን ዓይነት ነገር ነው! እንደ ንጋት ጨረቃ ያለ፣ ትንፋሽ እንኳ የሚያጠቁረው። በሱቫ አየር ጠዋት የጸዳ ብረት ለምሳ ብርቱካን ይሆናል፤ ስለዚህ ከአሸዋው ኋላ ወዲያው ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ ይዞ መሮጥ ነው። ሮጠ። ረቡዕ ግራጫ ነበረች፣ ሐሙስ ቀይ። ከሩቅ ሲያያት እንባው መጣ። በሕይወቱ ከሁሉ ያማረውን ሥራ ሠርቶ ውሸት ሆነበት።

«ይቺን መርከብ ልታገባት ነው እንዴ?» አለው ዳያ ራም። «ሴሩዋያ መጥታ ታየሃለች!»

«ለእሷው ነው።»

ለራሱ አንድ ዕቅድ ነበረው። ቅዳሜ እሱም ይሳፈራል። ሞተር ክፍል ይወርዳል፣ ያ ቦታ ላይ ቁጭ ይላል። ሁለት ቀን ተኩል ሄዶ፣ ሁለት ቀን ተኩል ተመልሶ፣ ከእጁ ፓምፕና ቡትቶ ሳይለይ፤ ካስፈለገ በጀርባው ይደፍነዋል። ይህን ዕቅድ ባሰበው ቁጥር ልቡ በከፊል የሕፃን ቅዠት መሆኑን ያውቅ ነበር። ያም ሆኖ ሙጭጭ አለበት።

ዓርብ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ ነጭ ቆብ ያደረገች፣ ጠንቃቃ ወጣት ሴት። የላሜራ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ይዛለች። መሣሪያው የሚያነበው ቀለም የሌለበት ብረት ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መጠገኛ የቆየ ልማድ አለ። የሚለካባቸውን ቦታዎች በጠመኔ ከብቦ፣ ፍቆ የሚያዘጋጀው ቀለም ቀቢው ነው። ኢሊኬና ሃያ አራት ክብ አዘጋጅቷል። ሃያ አራቱም ጤነኛ ብረት ላይ።

«እርስዎ ነዎት ያዘጋጁት?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ዛሬ በጊዜ እገባለሁ። ሥልጠና ላይ ሳለን መምህራችን ‹የኢሊኬና ክብ አይዋሽም› ይሉን ነበር።»

ሰባት ነጥብ ስምንት፣ ሰባት ነጥብ ስድስት፣ ሰባት ነጥብ ሰባት። ቁጥሩን በተናገረች ቁጥር ፊቱ ላይ በጥፊ የምትመታው መሰለው። ከጨረሰች በኋላ ከቦርሳዋ ትንሽ መዶሻ አወጣችና እዚህም እዚያም እየነካካች ወደ ኋላ፣ ወደ ግራው ጎን መጣች። ሦስት እርምጃ ቀራት።

«እዚያ ጋ አልደረቀም፣ እመቤት» አለ ኢሊኬና። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ልብስዎ ይበላሻል።»

«ውይ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ዞራ ሄደች። ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ወረቀቷን መሙላት ጀመረች። ሳኬዮና ዳያ ራም አጠገቧ ቆመው ይቀልዱ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሴሩዋያ ናት።

«የማካሬታ አባት» አለች። በልጃቸው ስም ነው የምትጠራው። ድምፅዋ ቀጥኗል። «በላህ?»

«በልቻለሁ። እግርሽስ?»

«እግሬንስ ተወው፣ ሸትቶኝ ከራሴ መሸሽ አማረኝ። ነርሷ በየቀኑ ታጥበዋለች፤ ድመቷ ግን ወድዳኛለች።» ሳቀች፣ ከዚያ ሳሏን ዋጠች። «ነገ ትነሳላችሁ አይደል?»

«እንነሳለን።»

«ስማ፣ ብቻዬን አይደለም የምመጣው። መዘምራኑ በሙሉ ለትልቁ ጉባኤ ሱቫ ይመጣሉ። አርባ ሰው! ሕፃናቱም አሉ። የእናቴ ታናሽ፣ ያቺ ባሕር የምትፈራው አክስቴ፣ አልሄድም ብላ አልቅሳ ነበር። ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?»

ኢሊኬና ስልኩን ወደ ግራ ጆሮው አስጠጋ።

«‹ባሌ የቀባው መርከብ ነው› አልኳት። ‹ኢሊኬና እጁን ያሳረፈበት ብረት አይሰምጥም› አልኳት። ወዲያው ተነስታ ምንጣፏን ጠቀለለች። ይኸው አሁን አጠገቤ ጎደሬ እየላጠች ታንጎራጉራለች። ትሰማታለህ?»

ሰማት። በአንድ ጆሮው፣ ከሦስት መቶ ሰባ ማይል ባሕር ማዶ፣ የአሮጊቷን ማንጎራጎር ሰማ።

«ሴሩ» አለ። «ስልኩን አትዝጊው።»

ስልኩን እንደተከፈተ ከሸሚዙ ኪስ ከተተው። ትልቁን መዶሻ ከመሬት አነሳ። ሳኬዮ ከጥላው ሥር ሆኖ፣ «ታቫሌ፣ ሥራ አለቀ እኮ! ወይስ መርከቧ ሰድባሃለች?» ሲለው ሰምቷል። አልዞረም። ከዚያ ከሚያብለጨልጨው፣ ከማንኛውም ሥራው ከሚበልጠው ቀይ ፊት ለፊት ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ፣ መታ።

መዶሻው ገባ። እስከ እጀታው።

ከቀዳዳው ጥቁር የሞተር ክፍል ውሃ እየተንጠባጠበ በአዲሱ ቀይ ላይ ወረደ።

ሮጠው መጡ። ዳያ ራም አፉን በእጁ ያዘ፤ ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። ኢሊኬና ከበርሜሎቹ ጀርባ ጆንያውን ጎትቶ አመጣና እግራቸው ሥር ዘረገፈው። አሥራ ሁለት ቀይ ዚንኮች።

«እኔ ነኝ የቀባኋቸው። አለቃው እከክ ሲሏቸው አይ ማለት አቃተኝ። ከዚያም ደበቅሁ። ይሄንንም በስቱኮ የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ከዕቃ ማስቀመጫው ሄዶ ለቅዳሜው ምርቃት የገዛውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር እቅፍ አመጣ። በጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ ሥሩን በሁለት እጁ ለሳኬዮ ዘረጋ፣ አንገቱን ደፋ። በደል ያለበት ሰው በእነሱ ዘንድ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ተበዳዩ ሥሩን ከነካ ነገሩ ዳግም አይነሳም፤ ካልነካ አጥፊው እዚያው ተንበርክኮ ይቀራል።

ሳኬዮ፣ ያ ስድብ የማያልቅበት፣ ወደ ቀዳዳው ቀርቦ ጣቱን አስገባበት። መርከቧን አየ። ዚንኮቹን አየ። የሳኬዮ እህት ልጆች ከመዘምራኑ መሃል እንዳሉ ኢሊኬና ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ ሳኬዮ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በጣቱ ነካ።

«ተቀብያለሁ» አለ። ድምፁ ሻከረ። ከዚያ፣ «ሴሩዋያስ?» አለ። «ይሄን ብቀበልም ሴሩዋያን አያመጣትም እኮ።»

ወዲያው ስልኩን አውጥቶ እየተራመደ ይደውል ጀመር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። አንዲት የቱና አጥማጅ መርከብ በናቱቫ በኩል ታልፋለች፣ ታማሚዋን ብቻ ልትጭን ፈቅዳለች፤ ግን መረቧን አንስታ፣ ዞራ ሱቫ እስክትደርስ አሥራ አንድ ቀን።

አሥራ አንድ ቀን። ነርሷ ‹ከዘገየች እስከ ጉልበቷ ነው› ያለችውን ሁለቱም ያውቁታል።

ኢሊኬና ከመርከቧ ሆድ ሥር ገብቶ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር።

«ሴሩ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«አሥራ አንድ ቀን ነው ያሉት።»

«እሱንም ሰማሁ።» አሮጊቷ ማንጎራጎሯን አቁማለች። «በየት በኩል ነው ቀዳዳው?»

«በግራ።»

«የእኔም የግራው ነው» አለች ሴሩዋያ። ከዚያ ያለቀሰችው ድምፅዋን ከስልኩ አርቃ ነው፤ እሱ ግን ሰማ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሳሳውን ከጤነኛው ሲለይ የኖረ ጆሮ ምን ይሳነዋል። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ በእጁ የያንጎና ሥር አልቀረውም ነበር።

መስመሩ ሲቋረጥ ከምሥራቅ በኩል ደመና ጠቁሮ መጥቷል። ኢሊኬና ቀዳዳውን አየ። ዙሪያው ያለው ስቱኮ ረግፎ ነጩ ብረት ወጥቷል፣ ለዝናብ ተጋልጦ። የአንቲረስቱን ቆርቆሮና ትንሿን ብሩሽ አነሳና በተቀደደው ጠርዝ ዙሪያ መቀባት ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ ቁስል እንደሚያክም ሰው።

ዳያ ራም ከኋላው መጥቶ ቆመ።

«ኢሊኬና፣ ያ እኮ ነገ ተቆርጦ ይጣላል። ለምን ትቀባዋለህ?»

«ዝናብ መጣ» አለ ኢሊኬና፣ ሳይዞር።

ዳያ ራም ጃንጥላውን ከፈተና ከጓደኛው ጭንቅላትና ከብረቱ በላይ ይዞለት ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ጭቃው ላይ ተበትነው በቀሩት በአሥራ ሁለቱ ዚንኮች ላይ መጮህ ጀመሩ። ሁሉም ሙሉ ነበሩ፣ እንደ ደወልም ይመልሱ ነበር።